ከራስ ጠጉር የተጀመረው ደብተር፦ የዶክተር ሃይለ ሚካኤል አለበል የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሃይለ ሚካኤል አለበል ከአባታቸው ከአቶ አለበል ስመኘው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታለም ቢሆነኝ በምዕራብ ጎጃም፣ ከማንኩሳ ወጣ ብላ በምትገኘው እንዶድ ሜዳ በተባለች የገበሬ መንደር መስከረም 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት በወሩ ሚካኤል ስለነበር ስማቸው ከዚያው ወጣ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ደጀኔ ሁለተኛ ነው። የቀብር አስተባባሪዎቹ ታሪኩ ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ አደራ ብለዋል። አደራው ተሰምቷል። ነገር ግን ባለታሪኩ በዕድሜያቸው አንድም ነገር አሳጥረው የማያውቁ ሰው ስለነበሩ፣ ማሳጠርን በእሳቸው ላይ መጀመር አልተቻለም።

ፊደል የቆጠሩት በመንደራቸው በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ዳዊት ከደገሙ በኋላ በ1966 ዓ.ም. በማንኩሳና በቡሬ መካከል ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ወደነበሩት ወደ የኔታ ወንዳወቅ ጉባኤ ገቡ። የኔታ ወንዳወቅ በዜማም በቅኔም የተመሰከረላቸው፣ ተማሪ ከሚሳሳትባቸው ጦም ቢያድሩ የሚመርጡ መምህር ነበሩ። በእሳቸው ዘንድ አስቀድሞ በቃል የሚያዘው መልክእ ነው። ለማያውቁ ወጣቶች ስንል፣ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉንና፣ መልክእ ማለት የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጉር ጀምሮ በየተራ ሰላም እያለ የሚወርድ የግእዝ ውዳሴ ነው። ከጠጉር ወደ ግንባር፣ ከግንባር ወደ ቅንድብ፣ ከዚያ ወደ ዓይን እያለ ወደ እግር ጥፍር ይወርዳል። ተማሪ ከመካከል መጀመር አይፈቀድለትም። የተሳሳተም እንደሆነ ተመልሶ ከጠጉር ይጀምራል። ሃይለ ሚካኤል ይህን ልማድ እስከ መጨረሻው አልተዉትም።

በጥር 1970 ዓ.ም. አባታችን በኦጋዴን ግንባር ወደቁ። በተከታዩ ዓመት በጦርነቱ አባታቸውን ያጡ ልጆች ኩባ ሄደው እንዲማሩ ሲወሰን፣ የሃይለ ሚካኤልም ስም ፍኖተ ሰላም ላይ ተነበበ። መኪናው የሚነሳው በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ነበር። የኔታ ለንግሥ ደምበጫ ሄደዋል፤ የሚመለሱት በማግስቱ ነው። እናታችን፣ “መኪናው ቢቀር ይቅር፣ ልጄ፣ ተመርቀህ ሂድ” አሉ። ሃይለ ሚካኤል ዐሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። መኪናው ላይ ወጡ።

የኔታ ከደምበጫ ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ፣ “ተማሪ ሳይመረቅ ከሄደ ሄደ አይባልም፣ ጠፋ ነው የሚባል” አሉ። ከዚያ በኋላ ስማቸውን በጉባኤው አላነሱም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በምርቃት እንደሚታሰር፣ ያልተመረቀ ተማሪ የተማረው ሁሉ የራሱ እንደማይባል በኛ አገር የማያውቅ የለም። ይህችን የየኔታን ቃል በደብዳቤ ኩባ ያደረሳት ታናሽ ወንድማቸው ነው። ባይጽፋት ይሻል ነበር፤ ግን ጻፋት።

በኩባ የወጣቶች ደሴት ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው በ1978 ዓ.ም. ሕክምና ጀመሩ። በመጀመሪያው የአናቶሚ የቃል ፈተና አንዲት ፕሮፌሰር ስለ ጉልበት ጠየቋቸው። ሃይለ ሚካኤል ከራስ ጠጉር ጀመሩ። ፕሮፌሰሯ፣ “ጉልበት ነው ያልኩት” ቢሏቸው፣ “እየመጣሁ ነው” ብለው ወደ ግንባር ወረዱ። ጉልበት የደረሱት ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ሲሆን በመንገዳቸው ላይ አንድም አጥንት አልዘለሉም። ፈተናውን አለፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኞቻቸው “ፔሎ” ይሏቸው ነበር፤ በእስፓኝ ቋንቋ ጠጉር ማለት ነው። በ1985 ዓ.ም. በሕክምና ዶክትሬት ተመርቀው፣ ከልብሳቸው ይልቅ መዝገበ ቃላት የበዛበት አንድ ሻንጣ ይዘው፣ በ1986 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ሥራ የጀመሩት በቡሬ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያም በሽተኛን ሁሉ ከራሱ ጀምረው ይመረምሩ ነበር። እግሩን እሾህ የወጋው ገበሬ መጥቶ የዓይኑን ቆብ ሲገልጡበት፣ “ኧረ ጌታው፣ እሾሁስ እግሬ ላይ ነው!” ይላል። “እደርሳለሁ፣ ወንድሜ፣ እግርህ የትም አይሄድ” ይሉታል። ሰው በዚህ ብዙ አጉረመረመ። ነገር ግን እንዲሁ እሾህ ወግቶት የሄደ አንድ ሰው አንገቱ ሥር ያላወቀው እብጠት ተገኝቶበት፣ በጊዜ ታክሞ፣ ዛሬ ከመካከላችን ቆሟል። ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል።

በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ ሃይለ ሚካኤል ሦስት ሽማግሌ አስቀድመው፣ ድንጋይ ተሸክመው በየኔታ ወንዳወቅ ደጅ ወደቁ። የየኔታ ዓይን ደክሞ ነበር፤ በድምፃቸው ግን ለዩዋቸው። “የጠፋው ተማሪ ነው? በል እንግዲያ፣ ተነስና መልክኡን አውርደው” አሉ። ሃይለ ሚካኤል ከጠጉር ጀምረው ሳይሳሳቱ እስከ ጭን ደረሱ። ጉልበት ላይ ሲደርሱ የግእዙ ቃል ጠፋቸው። ዐሥራ አምስት ዓመት በሌላ ቋንቋ የኖረ አንደበት ነውና በምትኩ “ሮዲያ” የሚለው የእስፓኝ ቃል አፈትልኮ ወጣ። ሽማግሌዎቹ በድንጋጤ መሬት መሬት አዩ።

የኔታ ግን ጆሯቸውን አቀኑ። “ይኸ የማን አገር ቃል ነው?” አሉ። “የእስፓኝ ነው፣ የኔታ፤ ጉልበት ማለት ነው።” “አባቱስ ማን ነው?” ሃይለ ሚካኤል አላወቁም። እኛ ጎጃሞች ልጅ ስንድር እንኳ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። የኔታ ወንዳወቅ ለቃልም ይቆጥሩ ነበርና የፈረዱት ፍርድ ይህ ሆነ፦ “ዘሩ ያልተቆጠረለትን ቃል በጉባኤዬ አላሳድርም። ሂድና ከራስ ጠጉር ጀምረህ የዚያን አገር የአካል ስም ሁሉ አባቱን እየቆጠርህ አምጣልኝ። ግእዙን እኔ እነግርሃለሁ። መልክኡን ሳታጓድል ያደረስህ ቀን እመርቅሃለሁ።”

ይህ ደብተር እንዲህ ተጀመረ። ዛሬ በአስከሬናቸው ላይ የተቀመጠው እርሱ ነው። እያንዳንዱ ገጽ በአራት ዓምድ ተሰምሯል። በመጀመሪያው አማርኛው፣ በሁለተኛው ግእዙ፣ በሦስተኛው እስፓኙ፣ በአራተኛው ደግሞ “አባት” ተብሎ የላቲኑ ወይም የግሪኩ ቃል ሰፍሯል። የኔታ ላቲንን ሮማይስጥ፣ ግሪክን ጽርዕ ነበር የሚሏቸው፤ ደብተሩም በእሳቸው አጠራር ተጽፏል። ዶክተሩ ከቡሬ በእግራቸው እየሄዱ፣ በዓል በሆነ ቁጥር ሁለት ሦስት ቃል ያደርሱ ነበር።

የመጀመሪያውን ፈገግታ ያገኙት በዓይን ብሌን ነው። እስፓኞች ብሌንን “ፑፒላ” ይላሉ፤ አባቱ ሮማይስጥ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ልጃገረድ ነው። በሰው ዓይን ውስጥ ትንሽ ሰው ስለምትታይ ነው ይባላል። ጽርዖችም ብሌንን በልጃገረድ ስም ነው የሚጠሩት። የኔታ ይህን ሲሰሙ ከመደባቸው ተነሱ። በግእዝ ብሌን ብንተ ዓይን ይባላል፤ ብንት ደግሞ በጥንቱ ሴት ልጅ ማለት ነው። “እንዴት ያለ ነገር ነው! ሳይነጋገሩ አንድ ልጅ አዩ?” ብለው እጃቸውን በዶክተሩ ትከሻ ላይ አኖሩ። ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ዶክተሩ ያን ቀን እያለቀሱ ነው ቡሬ የገቡት።

ሁሉም ቃል ግን ጨዋ አልነበረም። ጉበትን እስፓኞች “ኢጋዶ” ይሉታል። አባቱ ሲፈለግ በሮማይስጥ ሾላ የሚል ቃል ሆኖ ተገኘ። የጥንት ሮማውያን ዝይን በሾላ እያደለቡ ጉበቱን ይበሉ ነበርና፣ የወጥ ቤቱ ስም ገንኖ የጥንቱን የጉበት ስም ከቤቱ አስወጣው። የኔታ በዚህ ተቆጡ። “ሆዳም የሰጠው ስም!” አሉ። ጡንቻ በትውልዱ ትንሽ አይጥ መሆኑን ሲሰሙ ግን ሳቁና የራሳቸውን ክንድ እያጠፉ እየዘረጉ አይጧን ሲፈልጉ ዋሉ። ዶክተሩም ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ እስከ መጨረሻም ለወጣት ሐኪሞች ሲያስተምሩት ነበር። የእስፓኝ ሰው በቤቱ ዓይንና እጁን የሚጠራው ከሮማይስጥ በወረሰው ቃል ነው፤ ሆስፒታል ሲገባ ግን የበሽታው ስም ጽርዕ ይሆናል። እኛም በቤታችን በአማርኛ እንውላለን፣ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ግእዝ ይቀበለናል። “ስለዚህ ማንም ሰው በአንድ ቋንቋ ብቻ አይታመምም” ይሉ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. የደምበጫ ተወላጅ ከሆኑት ከነርስ አይናለም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወይዘሪት ውዳሴን እና ወጣት ምስክርን ወለዱ። በ1993 ዓ.ም. ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተዛውረው ጡረታ እስኪወጡ በዚያው አገለገሉ። በርካታ ወጣት ሐኪሞች ሥራ የለመዱት በእሳቸው እጅ ሥር ነው። የታመመ ቤት በቅሎም ብትሆን፣ ባጃጅም ቢሆን፣ ባገኙት ይደርሱ ነበር። በሽተኛውን ከራሱ ጀምረው እንደሚመረምሩት ግን መናገር አያሻም።

ደብተሩን በሚመለከት አንድ እውነት እዚህ ላይ ሳይሸፈን ይነገራል። ዶክተር ሃይለ ሚካኤል ዘገዩ። ደረትና ሆድን በሦስት ዓመት ያደረሱ ሰው፣ እጅ ላይ ብቻ ሦስት ዓመት ቆዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አይናለም አንድ የጥምቀት ማግስት፣ “የሰው እጅ ሃያ ሰባት አጥንት ነው የምትለው አንተው ነህ። ሦስት ዓመት የሚያስቀምጥ ምን አለው?” ብለው ጠየቋቸው። ቆይተው ለወንድማቸው እንደነገሩት፣ ደብተሩ ካለቀ ወደ የኔታ የሚሄዱበት ምክንያት ያልቅብኛል ብለው ፈርተው ነው። አባታቸውን በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ያጡ ሰው ያገኙትን አባት በምርቃት ማሰናበት አልፈለጉም። ወንድማቸው የዚያን ቀን፣ “ለየኔታ ዕድሜ እንደ ደብተር ገጽ እየተቆጠረ የተሰጣቸው መስሎሃል?” ብሎ ተቆጥቷል። ቁጣው ትክክል ነበር፤ የጠቀመው ግን ነገር የለም።

በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ደብተሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ የኔታ ወንዳወቅ ዐረፉ። ዶክተሩ በዚያ ሳምንት ተረኛ ስለነበሩ የሰሙት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ሳይመረቁ ተለያዩ። ደብተሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱት፤ ዐሥራ ስምንት ዓመትም አላወጡትም። በጉባኤው አጠገብ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ያወልቁ ነበር። ከዚያ ሁሉ ተጫዋችነታቸው ጋር ይህች አንዲት ቁስል እንደነበረቻቸው ቤተሰቡ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አሁን ሁላችሁም አወቃችሁ።

በ2017 ዓ.ም. ጡረታ በወጡ በጥቂት ወራት ውስጥ የጉበት ሕመም ያዛቸው። በሽታውን ቀድመው ያወቁት ራሳቸው ናቸው። “ሾላዬን ትል ገባው” ብለው ለባለቤታቸው ነገሩ። መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ባሕር ዳር ተመላልሰው ታከሙ፤ በተዘጋ ጊዜ ወይዘሮ አይናለም ቤት ውስጥ ያክሟቸው ነበር። ነሐሴ ላይ፣ “ያን ደብተር አምጡልኝ” አሉ። እጃቸው ስለደከመ እሳቸው እየተናገሩ ልጃቸው ውዳሴ ጻፈች። ቁርጭምጭሚት፣ እስፓኙ “ቶቢዮ”፣ አባቱ በሮማይስጥ ትንሽ ጉብታ። ተረከዝ፣ ግእዙ ሰኰና። ጣት። መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱበት ዕለት፣ የእግር ጥፍር ላይ ደረሱ።

ወንድማቸው በአልጋው አጠገብ ነበርና፣ “እንግዲህ ተጨረሰ። የሚመርቀው ሰው ባይኖርም ተጨረሰ” አለ። ሲያጽናና ጎድቶ ማለፍ የዚህ ጸሐፊ የቆየ ጠባይ ነው። ዶክተሩ ግን ሳቁ፤ ከታመሙ ጀምሮ እንዲያ ሲስቁ አልታዩም። “አንተ መልክእ መቼ ተማርህና! በጥፍር የሚያልቅ ይመስልሃል?” አሉ።

ሊቃውንቱ ይህን ከመጀመሪያው ያውቁታል፤ ሳያቋርጡ ስለሰሙን እናመሰግናለን። መልክእ በእግር ጥፍር አያበቃም። ከጥፍር በኋላ ቁመትን፣ መልክን ሰላም ይላል። ከዚያም ፀአተ ነፍስን ማለት የነፍስን መውጣት፣ በድነ ሥጋን ማለት አስከሬኑን፣ ግንዘትን፣ በመጨረሻም መቃብርን ሰላም ብሎ ያበቃል። የኔታ ወንዳወቅ “መልክኡን ሳታጓድል ያደረስህ ቀን” ያሉት የትኛውን ቀን እንደሆነ ዶክተር ሃይለ ሚካኤል ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ በዚያች አልጋ ላይ ገባቸው። የኔታ ከቶ በር አልዘጉባቸውም ነበር። በመዘግየታቸውም ያጡት ነገር አልነበረም። በዘመናቸው ሁሉ ቢሮጡ ከዛሬ በፊት ሊጨርሱት አይችሉም ነበር።

ቁመትንና መልክን በዚያው ዕለት አስጻፉ። ቀጥለው ለቀሩት ለአራቱ ውዳሴን አራት መስመር አሰመሯት። ግእዙን አስጻፉና ሌላው ዓምድ ባዶ ይሁን አሉ። ውዳሴ፣ “አባ፣ የነዚህንስ የሮማይስጥ ስም አታውቀውም?” አለቻቸው። “አውቀዋለሁ። ግን እነዚህን ሰው ለራሱ አይጽፍም፣ ልጄ። ሌላ ሰው ነው የሚጽፍለት” ብለው መለሱላት።

ዶክተር ሃይለ ሚካኤል አለበል ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ ንስሐ ገብተው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ በፍኖተ ሰላም በመኖሪያ ቤታቸው በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያች ሰዓት ወንድማቸው የመጀመሪያውን መስመር ሞላ። አጥበው ሲያስተኟቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አይናለም ሁለተኛውን ሞሉ። ተገንዘው ሲያበቁ ልጃቸው ምስክር ሦስተኛውን ሞላ፤ እስፓኝ ስለማያውቅ የጻፈው “አባ” ብሎ ነው፤ ማንም አላረመውም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አይናለም፣ ልጆቻቸው ውዳሴና ምስክር፣ እኅታቸው ወይዘሮ ሥርጉት፣ ወንድማቸው ደጀኔ፣ እንዲሁም ከራሳቸው ጀምረው ያከሟቸው የቡሬ፣ የማንኩሳ፣ የደምበጫና የፍኖተ ሰላም ሰዎች በሕይወት ቀርተዋል። ኀዘናችን ከባድ ነው፤ ወንድሜን እወደው ነበር። በሕይወቱ ሳለ “አንቱ” ብዬው አላውቅም። ዛሬ ግን ደስ ብሎኝ ብያቸዋለሁ።

ብንተ ዓይንን በዓይናችን ውስጥ የሣለ አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ያሳርፍ፤ እኛንም በመጽናናት ያቁመን። አራተኛው መስመር ገና ባዶ ነው። ይህ ንባብ እንዳበቃ ተሸክመናቸው ወደዚያው እንሄዳለን፤ መልክኡም አንድም ሳይጓደል ይደርሳል። የኔታ ተስፋው፣ በየኔታ ወንዳወቅ ወንበር የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። የጠፋው ተማሪ መጥቷል፤ ይመርቁልን።